ወንድ ልጅን የምንገርዘው በምን ምክንያት ነው? «ባህል ነው» ከሚለው ያለፈ መልስ እፈልጋለሁ

የበኩር_አባት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋም እየደረሰ ነው፤ ወንድ ነው ተብለናል። አስቀድመን የሕፃናት ሐኪም አነጋግረን ስለ ግርዛት ስንጠይቅ ሐኪሟ በትሕትና «ምክንያታችሁ ሃይማኖት ነው ወይስ ጤና?» አለችን። እኔ «ሁለቱም» አልኩ። ባለቤቴ በዚያው ቅጽበት «ባህል ነው» አለች። ሐኪሟ ሦስቱንም ጻፈች።

ክርክሩ ቤት ከገባን በኋላ ቀጠለ። የተዋሕዶ ልጆች ነን። ሰው የሚድነው በጥምቀት እንጂ በግርዛት እንዳልሆነ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። ታዲያ እናቴ ከደብረ ብርሃን እየደወለች «ስምንተኛው ቀን እንዳያልፍ» የምትለኝ ከምን ተነሥታ ነው? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን» ይላል፤ እሱ ራሱ ሲገረዝ ማን እንዳስፈቀደው ግን አይናገርም።

አንድ ልመና አለኝ። «ግረዘው» ወይም «ተወው» ብላችሁ ድምፅ አትስጡኝ፤ እሱን እኔና እናቱ እንጨርሰዋለን። የምፈልገው ምክንያቱን ነው። ከየት መጣ? ዛሬስ በምን ይደገፋል?

እናትዬ_ከጎንደር

ልጄ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ማርያም ትቅረባት፤ በሰላም ትገላገል።

ምክንያት ምክንያት ትላላችሁ። እኛ ዘንድ ያልተገረዘ ወንድ መባል ስድብ ነው። እኩዮቹ ወንዝ ወርደው ሲዋኙ ያዩታል፤ ስም ያወጡለታል፤ ያ ስም እስኪያረጅ ድረስ ይከተለዋል። ሚስት ሲፈልግም ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ይህ ምክንያት አይደለም? በአራስነቱ ሲሆን ደግሞ አያስታውሰውም፤ ቁስሉም ቶሎ ይደርቃል። አድገው የተገረዙ ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ አያድርስ ነው።

የአብነት_ተማሪ

የበኩር አባት፣ ጥያቄህ አዲስ አይደለም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ከአውሮፓ የመጡ ካህናት ለንጉሥ አቅርበውታል፤ ንጉሡም በጽሑፍ መልሰዋል።

ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫቸውን የጻፉት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን «እናንተ ክርስቲያን ሳትሆኑ አይሁድ ናችሁ» የሚል ክስ ስላነሡ ነበር። ክሱ በሦስት ነገር ላይ ያተኮረ ነው፤ ቅዳሜን ማክበራችን፣ መገረዛችንና የእሪያ ሥጋ አለመብላታችን። ስለ ግርዛት የሰጡት መልስ አጭርና ብልህ ነው። እንደ አይሁድ ሥርዓት አንገረዝም፤ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ጳውሎስ የተናገረውን እናውቃለን፤ የእኛ ግርዛት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አሉ። ስለዚህ ባለቤትህ ከንጉሡ ጋር ተስማምታለች፤ ሐኪሟ ፊት የተሸነፍከው አንተ ነህ።

መሠረቱን እንይ ካልን ምንጩ ዘፍጥረት 17 ነው። አብርሃም ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነበር፤ እስማኤል 13፤ ይስሐቅ ግን በተወለደ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ። እናትህ የምትጠብቀው ቀን የይስሐቅ ቀን ነው። በሐዲስ ኪዳን ነገሩ ተለወጠ። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት እንዲገረዙ አይገደዱም ብለው ወሰኑ፤ ይህ በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ አለ። ያም ሆኖ ጳውሎስ ራሱ እናቱ አይሁዳዊት የሆነችውን ጢሞቴዎስን በአካባቢው ስለነበሩት አይሁድ ሲል ገረዘው፤ ግሪካዊው ቲቶ ግን እንዲገረዝ አልተገደደም። አንድ ሐዋርያ፣ ሁለት ደቀ መዛሙርት፣ ሁለት ውሳኔ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም፤ ነገሩ የመዳን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጳውሎስ እንዲህ በቦታና በሰው እያየ አይወስነውም ነበር።

ጌታችን በስምንተኛው ቀን እንደ ተገረዘ በሉቃስ 2፥21 ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንን ጥር 6 ቀን በዓለ ግዝረት ብላ ታከብረዋለች። ከታኅሣሥ 29 ጀምረህ ብትቆጥር ስምንተኛው ቀን ጥር 6 ላይ ይውላል። ልጁን የክርስቶስ የሚያደርገው ግን በ40ኛው ቀን የሚጠመቀው ጥምቀት ነው። ልብ በል፣ ለጥምቀቱ ካህን፣ ክርስትና አባትና ሙሉ ሥርዓተ ጸሎት አለው። ግርዛቱን የሚፈጽመው ግን ምላጭ የያዘ የመንደር ገራዥ ነው፤ ካህን የግድ አይገኝም።

ሆኖም «ልማድ ብቻ ነው» ብሎ ማቃለልም አይቻልም። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ ካቶሊካዊው ፓትርያርክ ሜንዴዝ መጥተው ግርዛትንና ቅዳሜን ማክበርን ባስከለከሉ ጊዜ አገር በደም ታጠበ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ገላውዴዎስ ልማድ ያሉትን ነገር ሕዝቡ ሲከለከል ሃይማኖቱ እንደ ተነካ ቆጠረው። ልማድ ማለት እንዲህ ነው፤ ማንም ካልነካው ልማድ ሆኖ ይኖራል፤ ሲነኩት ሃይማኖት ይሆናል።

ጥያቄ_አለኝ_ከስቶክሆልም

የአብነት ተማሪ፣ አክብሮቴ ይድረስዎ፤ እንዲህ ያለ መልስ በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አላይም። እኔ ግን ከጽሑፍዎ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። ድርጊቱ ቀድሞ አለ፤ ምክንያቱ ኋላ ይፈለግለታል። ንጉሡም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከሳሽ ሲመጣ ምክንያት ጻፉ።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870 ኒውዮርክ ውስጥ ሉዊስ ሴይር የሚባል ታዋቂ የአጥንት ሐኪም እግሮቹ አልዘረጋ ያሉትን የአምስት ዓመት ልጅ ገረዘ፤ ልጁ ተሻለው ብሎም ግርዛት ሽባነትን ይፈውሳል ብሎ አስተማረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሐኪሞች የሚጥል በሽታን ጨመሩበት። ዛሬ የበቆሎ ቁርስ በቤተሰቡ ስም የሚሸጠው ሐኪሙ ጆን ሃርቪ ኬሎግ ደግሞ ወንዶች ልጆች በራሳቸው ገላ እንዳይጫወቱ ያለ ማደንዘዣ ይገረዙ፣ ሕመሙም እንደ ቅጣት ይሁናቸው ብሎ መከረ። አሜሪካ ውስጥ ግርዛት የሆስፒታል ልማድ የሆነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ሽባነቱ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ካንሰር መጣ፤ ከዚያ የሽንት ቧንቧ፤ ከዚያ ኤችአይቪ። በሽታው በየትውልዱ ይቀየራል፤ ቢላዋው ግን አይቀየርም።

የጤና ምክንያት የምትሉ ቁጥሩን እዩት። በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚይዛቸው ካልተገረዙ ወንድ ሕፃናት ውስጥ ከ100 አንድ ያህሉ ናቸው፤ ከተገረዙት ደግሞ ከ1000 አንድ ያህሉ። «በአሥር እጥፍ ይቀንሳል» ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕፃን ከዚህ በሽታ ለማዳን መቶ ያህል ሕፃናት ይቆረጣሉ ማለት ነው፤ በሽታውም በመድኃኒት የሚድን ነው። የኔዘርላንድ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ያለ በሽታ ልጅን መግረዝ አይበረታታም ያለው እንዲህ ያለውን ስሌት ሠርቶ ነው።

እናትዬ፣ ስለ ስድቡ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ የሚያድገው ኮሎኝ ነው። እዚያ አብረውት የሚዋኙት አብዛኞቹ ልጆች ያልተገረዙ ናቸው። በእርስዎ ምክንያት ከሄድን አለመገረዝ ይሻለዋል።

እናትዬ_ከጎንደር

ልጁ ጎንደር አይመጣም ያለህ ማን ነው?

አዋላጅ_ነርስ

ከሥራ ወጥቼ ነው የማነበው፤ ስለዚህ ቸኩዬ ልጻፍ። የስቶክሆልሙ ወንድማችን የሽንት ቧንቧው ቁጥር ትክክል ነው፤ ኤችአይቪን ከሴይር ጋር አንድ ላይ መጠቅለሉ ግን ትክክል አይደለም። ሴይር አንድ ልጅ አይቶ ነው የፈረደው። የኤችአይቪው በሦስት አገር፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኛ ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተጠና ነው። የደቡብ አፍሪካው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2005፣ የሌሎቹ ሁለቱ በ2007 ታተመ። ሦስቱም፣ የተገረዘ ወንድ ከሴት ጋር በሚያደርገው ግንኙነት በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2007 ምክረ ሐሳቡን ያወጣው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ምክንያቱም ይታወቃል። የሸለፈት ውስጠኛው ገጽ ስስ ነው፤ በቀላሉ ይጫጫራል፤ ቫይረሱ የሚይዛቸው ሕዋሳትም በብዛት የሚገኙበት ነው። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስም ይቀንሳል፤ ይህ ለወደፊት ሚስቱ የሚተርፍ ጥቅም ነው። ነገር ግን ግማሽ መከላከያ ማለት ግማሽ መጋለጥ ማለት ነው። ኮንዶምን አይተካም። ሴቷን ከኤችአይቪ በቀጥታ እንደሚጠብቃትም አልተረጋገጠም።

በሽታ ኖሮ የሚገረዝ ልጅም አለ። ሸለፈቱ ጠባሳ ይዞ አልከፈት ሲል፣ ደጋግሞ ሲያብጥና ሲመግል ሐኪም ግርዛት ያዝዛል። እዚህ ላይ ግን ወላጆችን የምቆጣበት ነገር አለ። በአራስ ልጅ ሸለፈቱ ከብልቱ ጫፍ ጋር ተጣብቆ መወለዱ ተፈጥሮ ነው፤ ቀስ እያለ በዓመታት ውስጥ ራሱ ይላቀቃል። «ላጽዳው» ብላችሁ በኃይል ወደ ኋላ አትሳቡት። ጠባሳ የምታመጡበት እናንተው ናችሁ። ጠባብ ሆኖ የቀረ እንኳ ብዙ ጊዜ በቅባት ይስተካከላል።

የሐረር_ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም። እስካሁን የተጻፈው የክርስቲያኑ ነው፤ እኔ የሙስሊሙን ልጨምር።

ቁርኣን ውስጥ ስለ ግርዛት በግልጽ የተጻፈ አንቀጽ የለም። መሠረቱ ሐዲስ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የፊጥራ (የሰው ተፈጥሮ የሚሻቸው) ነገሮች አምስት ናቸው ተብሏል፤ ግርዛት፣ የብልት አካባቢን ፀጉር መላጨት፣ ሪዝን ማሳጠር፣ ጥፍር መቁረጥና የብብት ፀጉርን መንቀል። አብረውት የተቆጠሩትን ተመልከቱ፤ ሁሉም ገላን የማጽዳት ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «ለምን?» ሲባል መልሳችን ጠሃራ፣ ማለትም ንጽሕና ነው። በሸለፈት ሥር ሽንት ቀርቶ ሰላታችንን እንዳያበላሽብን ነው። የነቢዩ ኢብራሂም መንገድ መሆኑም አለ፤ በሐዲሱ 80 ዓመት ሆኗቸው ራሳቸውን ገረዙ ተብሏል።

ዑለማዎቹ ግን አንድ ዓይነት አልፈረዱም። በእኛ በሐረር የሚከተሉት የሻፍዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ዋጂብ፣ ማለትም ግዴታ ነው ይላል፤ የሌሎቹ መዝሀቦች ተከታዮች ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ጠንካራ ሱና፣ ማለትም በጣም የሚወደድ ነው ይላሉ። ቀኑም እንደ እናንተ የታሰረ አይደለም። ሰባተኛው ቀን ይወደዳል፤ ዕድሜው ከፍ ብሎ የሚገረዝ ልጅም ብዙ ነው። አጎቶቼ ከፍ ብለው ሲገረዙ አዲስ ልብስ ተሰፍቶላቸው፣ ድግስ ተደግሶላቸው ነበር። ዛሬ ከክሊኒክ ወጥቶ ብስኩት ይገዛለታል፤ አለቀ።

የታሪክ_መምህር

ለሁላችሁም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ነገሩ ከአብርሃም ታሪክ ጋር የታወቀ ቢሆንም በእሱ ቤት አልተወሰነም። ግብፅ ውስጥ ሰቃራ በሚባለው የመቃብር ስፍራ፣ አንኽማሆር በተባለ ባለሥልጣን መቃብር ግድግዳ ላይ ግርዛት ሲፈጸም የሚያሳይ ቅርጽ አለ፤ ከ4000 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚገረዘው ሕፃን ሳይሆን የቆመ ጎረምሳ ነው፤ ከኋላው ሌላ ሰው እጆቹን ይዞታል። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ ከጥንት ጀምሮ የሚገረዙት ኮልኪሶች (በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበሩ ሕዝብ)፣ ግብፆችና ኢትዮጵያውያን ብቻ ናቸው ብሎ ጻፈ። «ኢትዮጵያውያን» የሚለው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያሉትን ጥቁር ሕዝቦች ነው፤ የዛሬዋን ድንበር ይዛችሁ አትከራከሩ። ግብፆች የሚገረዙት ለንጽሕና ብለው ነው፤ ከመልክ ይልቅ ንጽሕናን ይመርጣሉ አለ። የጤናው ምክንያት ዘመን አመጣሽ ነው ለምትሉ፣ ቢያንስ የ2400 ዓመት ዕድሜ አለው።

ይሁዲው ፈላስፋ ፊሎ በመጀመሪያው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ ሆኖ ከበሽታ ይጠብቃል፣ ንጽሕና ነው፣ ዘርን ያበዛል እያለ ምክንያቶችን ደርድሯል። ከእሱ ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣው የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ ሐኪምም ሆኖ ሳለ የጤናውን ትቶ «የፍትወትን ኃይል ለመቀነስ ነው» አለ። እዚህ ላይ የስቶክሆልሙ ሰው ነጥብ ይይዛል፤ ምክንያት ሰጪዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ያልተቋረጠው ድርጊቱ ብቻ ነው።

የባሮ_ልጅ

እኔ ከጋምቤላ ነኝ፤ ኑዌር ነኝ። እናትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ እርስዎ «ስድብ ነው» ያሉት ስድብ ለመማር አዲስ አበባ ስመጣ እኔን የተቀበለኝ ስድብ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድን እየጠቀሱ «ያልተገረዘ ፍልስጥኤማዊ» ይሉኝ ነበር፤ ቁመቴም አላገዘኝም።

እኛ ዘንድ ወንድን ወንድ የሚያደርገው ግንባር ነው። ሥርዓቱ «ጋር» ይባላል። ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ይበጣል፤ ልጁ ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ በኋላ ላም አያልብም፣ ሰውም እንደ ልጅ አያዝዘውም። አባቴ ስድስቱም አሉት። የእኛ ሽማግሌዎች ግርዛትን የሚያዩት እናንተ ግንባራችንን በምታዩበት ዓይን ነው፤ የሌላ ሕዝብ ምልክት። የገላውዴዎስን ቃል ሳነብ ሳቅሁ። ኖባዎቹ እኛ ባንሆንም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ንጉሡ ግርዛታችሁንና የተበጣ ፊትን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠውታል። የሰደበኝ ተማሪ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ብዬ ግን እኔ ተገርዣለሁ። አድጌ፣ በፈቃዴ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ የተገረዙ ስለሆኑ የኤችአይቪ መከላከያ የግርዛት መርሐ ግብር ያስፈለገው በእኛ ክልል ነው፤ ሥርጭቱም ከፍተኛ ከሆነባቸው ክልሎች አንዱ የእኛ ነው። ለእኔ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር። አብርሃም የለበትም፣ ስድብም የለበትም። ለስድስት ሳምንት ከግንኙነት ተቆጠብ ተባልኩ፤ ኮንዶሙም እንዳይቀር ተባልኩ። አብሮኝ የተገረዘ ጓደኛዬ ሁለተኛውን አልሰማም፤ «ክትባት ወስጃለሁ» እያለ ይዞር ነበር። ነርሷ «ግማሽ መከላከያ ግማሽ መጋለጥ ነው» ያለችውን በክልላችን ቋንቋዎች ሁሉ ተርጉመው ቢለጥፉት እወዳለሁ።

የበኩር አባት፣ ለልጅህ ይህ ምክንያት ገና አልደረሰም፤ ወደፊት በእኔ ዕድሜ ሊመርጠው ይችላል። የተጠኑትም አዋቂ ወንዶች ናቸው፤ አራሶች አይደሉም።

አዋላጅ_ነርስ

የባሮ ልጅ፣ ያልከው ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፤ በአራስነት ሲሆን ቀዶ ሕክምናው ያነሰ ነው፤ ስፌት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ችግር የሚገጥመውም ጥቂት ነው። አዋቂ ሲሆን ስፌት አለ፤ ከሥራ መቅረት አለ፤ የባሰውንም አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ «አድጎ ይወስን» ነፃ ምርጫ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል።

ወለላ_22

ስለ ወንድ ብቻ ታወራላችሁ። የሴት ልጅ ግርዛትስ? በእኛ አካባቢ ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት፤ ምክንያታቸውም «ባህል» ነው። ባህል ምክንያት መሆን ከቻለ ለሁለቱም ይሆናል፤ ካልቻለ ለሁለቱም አይሆንም።

የመድረኩ_አስተባባሪ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ወደዚያ እንዳይዞር አጭር ማስታወሻ ልተው። የሴት ልጅ ግርዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 እና 566 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አንድም የጤና ጥቅም የለውም፤ በወሊድ ጊዜ እናትንም ልጅንም ለአደጋ ይዳርጋል። እሱን የሚደግፍ ጽሑፍ እዚህ አይስተናገድም። ወለላ፣ ለብቻው ክር ክፈቺለት።

ጥያቄ_አለኝ_ከስቶክሆልም

ክሩ አይዙር፤ የወለላ ሙግት ግን መልስ አላገኘም። ጉዳቱ እኩል ነው አላልኩም፤ አይደለም። «ባህል» የሚለው ቃል ብቻውን ግን የትኛውንም ልጅ ለመቁረጥ አይበቃም ነው ያለችው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የበኩር አባት፣ «ባህል» በሚለው ላይ ሌላ ነገር መጨመር አለብህ። ስዊድን እንኳ ስትፈቅድ በሁኔታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሕግ መሠረት ማደንዘዣ የሚሰጥ የጤና ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል።

ከአሽዶድ

ሻሎም ለሁላችሁ። ከቤተ እስራኤል ወገን ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከወገራ ናቸው። የአብነት ተማሪው ጽሑፍ ውስጥ ያ ክስ፣ «አይሁድ ናችሁ» የሚለው፣ ፈገግ አሰኘኝ። ለእኛ የመጣው በተቃራኒው ነበርና።

አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን ይገርዙ ነበር፤ በኦሪት የታዘዘ ኪዳን ነው፤ ሌላ ምክንያት አንጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ ብዙዎች ወደ እስራኤል ሲገቡ ግን የአገሪቱ የሃይማኖት ባለሥልጣናት አይሁድነታችንን ስለተጠራጠሩ ሥርዓት እንድንፈጽም ጠየቁ። የመጀመሪያዎቹ መጪዎች በውኃ ውስጥ ከመጥለቅ ሥርዓት ሌላ የተገረዙ ወንዶች ጠብታ ደም እንዲያፈስሱ ይደረግ ነበር። ስንት ዘመን ስለ ኦሪት የተሰደዱ ሽማግሌዎች ግርዛታችሁ አይበቃም ተባሉ። የደሙ ነገር ኋላ ቀረ፤ በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት የቆየ የተቃውሞ ሰልፍ ያደረጉት በቀረው ሥርዓት ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ምክንያት ስለተጠየቀ ነው። ለእኛ ምክንያቱ ጤናም ልማድም አይደለም፤ ማን እንደሆንህ የሚናገር ኪዳን ነው። ለዚህ ነው «እንደገና» ሲባል ያን ያህል ያመመው።

የበኩር_አባት

አመሰግናለሁ። ከጠበቅሁት በላይ ነው። ባለቤቴ የንጉሡን ነገር ጮክ ብዬ እንዳነብላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ የምሸነፍበት ምክንያት ጨምሯል።

እኔ እስካሁን የገባኝን ልናገር። ሃይማኖቴ አያስገድደኝም፤ ጤናው ጥቅም አለው፤ ኮሎኝ ለሚያድግ አራስ ግን ትንሽ ነው። የሚቀረው እናትዬና ከአሽዶድ የጻፈው ሰው ያነሡት ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ በገላው ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ። ይህ ለሐኪሟ በሦስት ቃል የሚነገር አልሆነልኝም። እሱን ከእናቱ ጋር እንነጋገርበታለን። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፤ እዚህ አገር ሕጉ እንዴት ነው?

ፍራንክፈርት_ነዋሪ

እዚያው የምትኖርበት ከተማ ነው ነገሩ የፈነዳው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት፣ አንድ የአራት ዓመት የሙስሊም ልጅ ተገርዞ በደማበት ጉዳይ፣ ግርዛት አካልን መጉዳት ነው ብሎ ፈረደ። ሐኪሙ ግን ሕጉ ግልጽ ስላልነበረ በነፃ ተለቀቀ። አይሁዱም ሙስሊሙም ተቃወመ፤ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወላጆች እንዲያስገርዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በሕክምና ሥርዓት መፈጸም አለበት። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የሃይማኖት ማኅበሩ የሾመውና ለዚሁ የሠለጠነ ሰውም ሊገርዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ብቻ። ሕመም ከሌለ የጤና መድኅኑ አይከፍልም፤ ከኪስህ ነው። ሐኪሟ «ሃይማኖት ወይስ ጤና» ያለችህ ምናልባት ለዚሁ ነው፤ ፍልስፍና ጠይቃህ ላይሆን ይችላል።

ወለላ_22

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሳቅ ያስመለጠኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

የደሴው

እኔ አገር ቤት ነኝ። ልጃችን ባለፈው ሳምንት ተወለደ፤ ዓይኑ ትንሽ ቢጫ ሆኗል። አማቴ ስምንተኛው ቀን ነገ ነው ብለው ገራዥ ጠርተዋል። አዋላጅ ነርስ፣ ካለሽ መልሺልኝ።

አዋላጅ_ነርስ

አለሁ። ነገ አይገረዝም። መጀመሪያ ቢጫነቱን ጤና ጣቢያ አሳዩ፤ ዛሬ ማታውኑ ብትሄዱ ይሻላል፤ መጥባት ከሰነፈ ወይም እንቅልፍ ካበዛ ደግሞ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ። ቢጫ የሆነ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እስኪጠና ይጠበቃል።

ሲወለድ ጭኑ ላይ የቫይታሚን ኬ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ካርዱን እዩ። አራስ ልጅ ደሙን የሚያረጋው ንጥረ ነገር በቂ አይደለም፤ ያልተወጋ ልጅ ቤት ውስጥ ተገርዞ ሌሊቱን ሲደማ ያመጡልን ጊዜ አለ። በእናቱ ወይም በአባቱ ወገን ደም የማይቆምለት ወንድ ካለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። የሽንቱ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ከሆነ ጨርሶ አታስገርዙት፤ ሐኪሞች ቀዳዳውን ሲያስተካክሉ ያንኑ ቆዳ ይጠቀሙበታል።

ገራዡን በአክብሮት መልሷቸው። ምላጩ ከሌላ ልጅ ደም ጋር ተነካክቶ ከሆነ የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ያስተላልፋል፤ ንጹሕ ካልሆነ መንጋጋ ቆልፍ አለ። ቁስሉ ላይ ቅቤም አመድም አይደረግም። ሐኪም ቤት ሲገረዝ ማደንዘዣ ይሰጠው ዘንድ ጠይቁ፤ አራስ አያመውም የሚባለው ሐሰት ነው። ከተገረዘ በኋላ ጨርቁ በደም ከራሰ፣ ሽንት ከቀረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወዲያው ይመለስ።

ለአማትህም ንገርልኝ፤ ስምንተኛው ቀን ቢያልፍ ልጁ የሚያጣው ነገር የለም። ካላመኑህ የአብነት ተማሪውን ጽሑፍ አንብብላቸው።

የደሴው

ካርዱን አየሁት፤ ተወግቷል። ወደ ጤና ጣቢያ እየወጣን ነው። አማቴም አብረውን ይመጣሉ፤ እየተቆጡ ነው።